ል፣ ሐ፣ መ፦ የጋይንቷ ቤተ ልሔም እና የአንድ ስም ብዙ ትርጉም

አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ገብቶ «ቤቲ» ብሎ ለተጣራ ሰው ሁለትና ሦስት አንገት መዞሩ አይቀርም። ከእነዚህ ገሚሶቹ ኤልሳቤጥ ናቸው፤ የቀሩት ቤተልሔም። የቤተልሔሞቹ መታወቂያ ቢሰበሰብ ደግሞ ስሙ በአራት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፦ ቤተልሔም፣ ቤተልሄም፣ ቤተልኄም፣ ቤተ ልሔም። ጸሐፊው እጁ ላይ የመጣለትን «ሄ» መትቶ ያልፋል። ሲነበብ ለውጥ የለውምና ማንም አይከሰውም። በቁልምጫው ላይማ ጭራሽ ልሔሙ ጠፍቶ ቤቱ ብቻ ቀርቷል።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በዚሁ ስም የምትጠራ ጥንታዊ ደብር አለች። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ ናት። በዚያች ደብር ፊደል የሚጻፈው ለመነበብ ብቻ አይደለም፤ ለመዜምም ነው። አንዲት ፊደል ቦታዋን ብትስት ዜማው ይስታል። ስለዚህ የቤተ ልሔምን ስም ከእነ ፊደሉ ፈትቶ ማየት እዚያ ላለ ሰው ቅንጦት አይሆንም።

በዕብራይስጥ «ቤት ሌሔም» ማለት የእንጀራ ቤት ነው። ይህንን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የሰማ ብዙ ነው። ብዙም የማይነገረው የሚከተለው ነው። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ የሚኖሩት ፍልስጤማውያን በዐረብኛ ቤይት ላሕም ይሏታል፤ በእነሱ ቋንቋ ላሕም ሥጋ ነው። ሦስቱ ተነባቢዎች፣ ል፣ ሐ እና መ፣ አንድ ናቸው። የከተማዋም ድንጋይ አልተለወጠም። አንዱ ሲጠራት እንጀራ ይታየዋል፣ ሌላው ሲጠራት ሥጋ። በሱርስት ደግሞ ላሕማ እንደ ዕብራይስጡ ኅብስት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ በግዕዝ ላሕም አለ። ትርጉሙ ላም፣ በሬ፣ በጠቅላላው የቀንድ ከብት ነው። የጉሮሮውን «ሐ» እስከ ዛሬ አጥርቶ የሚጠራው የትግርኛ ተናጋሪ ላሕሚ ይላል። አማርኛ ግን ሐን ዋጠና ላም አለ። አማርኛ ይህን ልማድ በብዙ ቃል ላይ ፈጽሞታል፦ ፈልሐ ፈላ ሆነ፣ ሐረሰ አረሰ ሆነ፣ ሰምዐ ሰማ ሆነ፣ በልዐ በላ ሆነ። የተዋጠችው ፊደል ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም፤ «ላ» ብሎ አፍን ከፍቶ መጥራት የእሷ ፋና ነው። የጋይንት ገበሬ ላሟን ሲጠራ የቤተ ልሔምን ስም ግማሽ እየጠራ መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም።

የሴም ቋንቋዎችን የሚያጠኑ ምሁራን ለዚህ ልዩነት የሚሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው። የቃሉ የቀድሞ ስሜት «ዋነኛው ምግብ» የሚል ይመስላል። እህል አርሶ የሚያድረው ሕዝብ ቃሉን ለእንጀራ አዋለው፤ ከብት እያረባ የሚዘዋወረው ለሥጋ አዋለው፤ እኛ ዘንድ ከማዕዱ አልፎ ወደ በረቱ ሄደ። አንድ ሕዝብ ምን በልቶ እንደሚያድር ቃሉ መስክሮበታል ማለት ነው። ይህ ግምት ቢሆንም መልካም ግምት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ነገር ግን በዕብራይስጥ በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ሌላ ቃል አለ፦ ሚልሓማ፣ ጦርነት። በዐረብኛም መልሐማ እልቂት የበዛበት ታላቅ ውጊያ ነው፤ ከዚያም ስለ ውጊያ የሚተረክ ረጅም ግጥም ማለት ሆኗል። እንጀራና ጦርነት ከአንድ ሥር ወጡ ወይስ ሁለት የተለያዩ ሥሮች በአጋጣሚ በአንድ ፊደል ተገናኙ? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። ገሚሱ «መጣበቅ፣ መጠጋጋት» ከሚል አንድ ሐሳብ ሁለቱንም ያወጣል፤ ጦርነት መያያዝ ነው፣ ሥጋም ከአጥንት የተጣበቀ ነው ይላል። ገሚሱ ይህን እንደ ብልሃት እንጂ እንደ ማስረጃ አያየውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በማኅበራዊ ሚዲያ የእንግሊዝኛን ቃል ከአማርኛ ጋር በድምፅ እያገጣጠሙ «ከእኛ የተወሰደ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። ሁለት ቃላት ፊደል ስለተጋሩ ዘመድ አይሆኑም። ዘመድነት የሚታወቀው ፊደሉ በየቋንቋው በምን ሥርዓት እንደተለወጠ ተከታትሎ በማየት ነው። የዕብራይስጡ፣ የዐረብኛው፣ የትግርኛውና የግዕዙ ሐ በብዙ መቶ ቃላት ላይ በየቦታው ተተካክቶ ስለሚገኝ ነው ላሕምና ሌሔም በአንድ መስመር የሚቆሙት።

ከእንግሊዝኛም ቢሆን እውነተኛው ታሪክ ከተፈጠረው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1247 ለንደን ውስጥ በቤተ ልሔሟ ቅድስት ማርያም ስም አንድ የመነኮሳት ቤት ተመሠረተ። በጊዜ ብዛት ቤቱ ሆስፒታል፣ ከዚያም የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ሆነ። የለንደን ሰው የቦታውን ስም ቤድላም እያለ አሳጠረው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ቤድላም ማለት ጩኸት፣ ትርምስ፣ ማንም ማንንም የማይሰማበት ሁካታ ነው። አማርኛ ሐን እንደዋጠ እንግሊዝኛም ዋጣት፤ የእንጀራው ቤት የትርምስ ቤት ሆኖ ቀረ። ቃሉን የሚጠቀመው እንግሊዛዊ አብዛኛውን ጊዜ የክርስቶስን የትውልድ ከተማ እየጠራ መሆኑን አያውቅም።

የእኛ አጻጻፍ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነበር። የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ በመሠረቱ ከግሪክ የተተረጎመ ነው። በግሪኩ ስሙ ቤትሌኤም ነው፤ ግሪክ የጉሮሮ ሐ የለውምና። የግዕዙ ጽሑፍ ግን ልሔም ይላል። አናባቢው፣ ያ «ኤ»፣ የግሪኩን ድምፅ የተከተለ ይመስላል፤ ተነባቢው ሐ ግን የሴማዊው ነው። የጠፋችውን ፊደል ወደ ቤቷ የመለሳት ሰው ወንድም ቋንቋዎቹን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ይህችኑ ፊደል ነው ዛሬ የመታወቂያ ጸሐፊው እንደ ትርፍ የሚያያት። አማርኛ ሦስቱን ሀ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱን ጸ በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ «ለምን ይደጋገማሉ? ይቀነሱ» የሚለው ሐሳብ ከመቶ ዓመት ወዲህ ደጋግሞ ተነሥቷል። የሐሳቡ ባለቤቶች የዋዛ ሰዎች አልነበሩም። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ የቁልፍ ብዛት አስቸገረ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የፊደል ብዛት አስቸገረ። ለዕለት ጽሑፍ ሲባል የተነሣው ክርክር ሚዛን ነበረው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ «ፀሐይን» በጸሎቱ ጸ የጻፈን ሰው ማሸማቀቂያ ሆኗል። ይህን የሚያደርጉት ራሳቸው ሰላምን በንጉሡ ሠ ጽፈው ፖስተር ያሳትማሉ።

ሊቃውንቱ ፊደላቱን የሚለዩበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል በውስጡ የሚገኝበትን ቃል ስም አድርገው ሰጡት፦ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ተማሪው ድምፁን በጆሮው ባይለየው እንኳ ዘመዶቹን በስም ያውቃቸዋል። ልዩነቱ ትርጉም እንደሚለውጥ ለማየት ጥቂት የግዕዝ ግሦች ይበቃሉ። ሠረቀ ሲል ፀሐይ ወጣች፤ ምሥራቅ ከዚያ ነው። ሰረቀ ሲል ሌባ ገባ። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ማረ፤ ትምህርትና ምሕረት የሚለያዩት በአንዲት ሀ ነው። ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሣለ፤ ስእለት የሚገባውና ሥዕል የሚሥለው አይገናኙም። ሰብሐ አመሰገነ፤ ሠብሐ ግን ወፈረ፣ ስብ አበዛ። ስብሐትን በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው ምስጋናውን አወፈረው ማለት ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆቹ ሐለየን ለዘመረ፣ ኀለየን ለአሰበ ይሰጣሉ። አንዱ ማሕሌትን ወለደ፣ ሌላው ኅሊናን። ይህን ግን የእጅ ጽሑፎቹ ራሳቸው እያደባለቁ ስለጻፉት ማንም ሰው ቢስት አይፈረድበትም።

በዚህ ጉዳይ እንደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከመ ሰው ጥቂት ነው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተረክበው ብዙ ዓመት ኢየሩሳሌም ኖረው ሠሩት። ግዕዙን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር ጎን ለጎን እያነጻጸሩ ነበር የሚጽፉት። ከሚኖሩበት ከተማ እስከ እውነተኛዋ ቤተ ልሔም ከአሥር ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በገበያው ዐረቡ ላሕም ብሎ ሥጋ ሲሸጥ፣ አይሁዱ ሌሔም ብሎ ዳቦ ሲገዛ የሚሰማበት አገር ነው። አለቃ መጽሐፋቸው ታትሞ ሳያዩት 1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ 1948 ዓ.ም. አሳተሙላቸው።

ወደ ጋይንት እንመለስ። አገራችን የቅድስት አገርን ስሞች በገፍ ተክላለች፤ የዞኑ ዋና ከተማ ራሱ ደብረ ታቦር ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም ግን ስሟን ለጌጥ የያዘች አትመስልም። እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦክስፎርድ ተመርቆ የወጣ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት በበቅሎ ተጉዞ ደረሰባት። ከውጭ ሲያያት በየገጠሩ እንዳለችው ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በሣር ክዳኑ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ፣ የአክሱምን የአሠራር ፈለግ የተከተለ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ። ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኮታል። የውጭ ጸሐፊዎች «አገኛት» ይላሉ። ለጋይንት ሰው ጠፍታ አታውቅም።

የድጓውም ታሪክ እንደ ሕንፃው ነው። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የደረሰው ዜማ ለብዙ ዘመን በቃል ሲተላለፍ ኖረ። በግራኝ ጦርነት ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ መጻሕፍቱም መምህራኑም አለቁ። ድጓ ከዚያ ጥፋት የተረፈው በቤተ ልሔም ነው የሚል ትውፊት አለ። ከጦርነቱ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባሉት ዓመታት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ካህናት ለድጓው የዜማ ሥርዓት እንዳወጡና ንጉሡ ባሠሯት በተድባበ ማርያም ላሉ ካህናት እንዳስተማሩ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። አንድ ጊዜ መምህሩ ሲሞት ዜማው አብሮት እንደሚሞት የታየበት ትውልድ ነው፤ በጽሑፍ ለመያዝ የቸኮለው ለዚህ ይሆናል።

የያዘበት ብልሃት ፊደል ነው። በድጓ ገጽ ላይ ከዋናው ጽሑፍ በላይ ደቃቅ ፊደላት ተጽፈው ይታያሉ፤ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት። እነዚህ ፊደላት ከታች ካለው ቃል ጋር በትርጉም አይገናኙም። ተማሪው በቃሉ ከያዘው የድጓ ቃል ላይ የተቆረጡ ናቸው። «ይህን ቃል፣ ያንን ቃል እዚያ እንዳዜምኸው አድርገህ አዚመው» ማለት ናቸው። እንዲህ ዓይነት ምልክቶች በመቶ ይቆጠራሉ፤ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተከፋፍለው ይጠናሉ። ከእነሱም ጋር ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉት የነጥብና የመስመር ምልክቶች አሉ። አውሮፓውያን ዜማን በመስመር ላይ ከፍና ዝቅ አድርገው ጻፉት። የእኛዎቹ በትዝታ ላይ ጻፉት፤ ዜማውን ለማያውቅ ሰው ፊደሉ ምንም አይነግረውም። ኬይ ኮፍማን ሸለማይና ፒተር ጀፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባወጡት የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስብስብ በአገሪቱ በስፋት ሰፍኖ የሚገኘው የቤተ ልሔም ስልት መሆኑን ጽፈዋል። ቆማና አጫብር የራሳቸው ስልት አላቸው፤ ያም በየአገሩ ይከበራል።

ስለዚህ መጽሐፉ ቢቀር ዜማው አይቀርም፤ መምህሩና ተማሪው ከቀሩ ግን መጽሐፉ ብቻውን ዱዳ ነው። የስሙ ፍቺ ወደ መሬት የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። የድጓ ተማሪ ዓመታት ይፈጃል። የራሱን ድጓ በእጁ ይገለብጣል፤ የኔታ ምልክቱን አንድ በአንድ ያርሙለታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኘውን ቁራሽ ነው። የእንጀራ ቤት በምትባል ደብር የሚማር ሰው እንጀራ ለምኖ ይኖራል። ይህ በስድብነት የሚነሣ ነገር አይደለም። ከአንድ የዜማ ምሁር ጀርባ ያለው ገንዘብ ከየቤቱ የተቆረሰ እንጀራ ነው፤ የከፈለው ገበሬው ነው።

ያም ገበሬ ራሱ እህል ሲቸግረው የኖረ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ 1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር በምግብ ራሳቸውን ያልቻሉ ተብለው ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። መሬቱ ገደላማ ነው፤ አፈሩ ታጥቧል፤ ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። እህል የጎደለበት ቤት መጀመሪያ የሚቀንሰው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ለደጃፍ ለማኙ።

ያ የዕብራይስጥ ሌላ ቃል፣ ጦርነቱም፣ አልቀረም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫ ከ6ኛው እስከ 15ኛው ቀን ይዘው ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በእነዚያ ቀናት የተደፈሩ 16 የከተማዋን ሴቶች አነጋግሮ ቃላቸውን አሳትሟል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያው በክልሉ ተቀጣጠለ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአብነት ተማሪ መምህር ፍለጋ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ቅኔውን በአንዱ አገር፣ ድጓውን በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ፣ አቋቋሙን በጎንደር እያለ የሚያጠናቅቀው ትምህርት የተሠራው መንገድ ክፍት ነው ተብሎ ነው። መንገድ ላይ የሚገኝ ወጣት፣ አኩፋዳ ቢይዝም ባይዝም፣ ማን እንደሆነ የሚጠየቅበት ጊዜ ለእሱ አይሆንም። ስለ ሐ እና ሀ በየሰሌዳው ለሚሟገቱ ሁሉ፣ በጎራም ሆነ በዕውቀት ለሚለያዩት፣ ትልቁ የፊደል ጉዳይ ይህ መሆን ነበረበት፤ ስለ እሱ ሲከራከሩ የሚታዩት ግን ጥቂት ናቸው።

ቤተ ልሔም የሚለው ስም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሌላ ቦታም አለው። በየደብሩ በስተ ምሥራቅ በኩል ለብቻዋ የምትቆም አንዲት ትንሽ ቤት አለች፤ ዲያቆኑ ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት የሚያዘጋጅባት። እሷም ቤተ ልሔም ትባላለች። እዚህ ላይ ስሙ ከነትርጉሙ ሳይጎድል አለ፤ ቤትም ነው፣ ኅብስትም አለበት። ለኅብስቱ የሚሆነውን መገበሪያ ስንዴ የሚያመጣው የአጥቢያው ገበሬ ነው፤ ያው ለተማሪው ቁራሽ የሚቆርሰው፣ ማታ ላሙን ከሜዳ የሚመልሰው።